ስድስተኛ ጣት

ከልጅነቴ ጀምሮ አንዲት ዘዴ አለችኝ፣
ተኝቼ፣ በሕልሜ መሐል፣ "ሕልም ነው" የምትለኝ፦
እጄን አነሣና ጣቶቼን እቆጥራለሁ፤
ስድስት ሆነው ካገኘኋቸው መተኛቴን አውቃለሁ።
ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የኔ ነው።
ሐይቁን "ተነሥ" እለዋለሁ፤ እንደ አንሶላ አጥፌው
ታቦር ተራራ ላይ አሰጣዋለሁ።
ታናሼን ካያሞን ከነጀልባው እጠራዋለሁ፤
አንዳንዴ ይመጣል።
ልብሱ እንደረጠበ ቁጭ ብሎ መረብ ይጠግናል።
ልጠይቀው አፌን ስከፍት
ከውጭ ባጃጅ ያጓራል፣ ይነጋል።

የሐሞት ጠጠር ነው። "ቀላል ነው" አሉኝ።
ሰኞ ጠዋት፣ ከኋላ በክር የምትታሰር ቀሚስ አልብሰው አስተኙኝ።
ሰመመን ሰጪዋ ወሰንየለሽ ትባላለች፤
ኪሎዬን፣ የጥርሴን ጤና፣ ቁርስ አለመብላቴን ጠየቀች።
"ውስጥ ሆኜ ነቅቼ እጠብቃለሁ" አልኳት፤
"ያየሁትን ስመለስ አመጣልሻለሁ" አልኳት።
አልሳቀችም። ቱቦውን በጥፍሯ መታ መታ እያደረገች፣
"ማደንዘዣ እኮ እንቅልፍ አይደለም" አለች።
"እንቅልፍ መብራት የጠፋበት ቤት ነው፤ ውስጡ ሰው አለ።
እዚህ ግን ቤቱም የለ።"
ትንሽ ቆይታ፣ እንደ መጸጸት ብላ፦
"አየሁ የሚል በሽተኛ ግን አይጠፋም። እንጃ።"

ከአሥር ወደ ታች ቁጠር አለችኝ።
እኔ ጣቴን ነበር የምቆጥረው፤
ግራዬ በፕላስተር ታስሯል፣ በቀኜ።
አሥር፣ አውራ ጣት።
ዘጠኝ፣ ሌባ ጣት።
ስምን

እዚህ ጋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነበረ።
ጨለማ ብለው ውሸት ነው፤ ጨለማም የሚያየው ዓይን ይፈልጋል።
ባዶ ብለው ውሸት ነው።
አሞራ ገደል ዓሣ መዛኝ ነኝ፤
ሚዛኑ ባዶ ሲሆን እንኳ መርፌው ዜሮ ላይ ይንቀጠቀጣል።
ያ መርፌም አልነበረም።

ከዚያ ጣሪያ። ነጭ መብራት። የሆነ ነገር ጢጥ፣ ጢጥ ይላል።
ቀኝ እጄን አነሣሁ፤ እንደ ሰው እጅ ይከብዳል።
አንድ፣ ሁለት፣
ከሌባ ጣቴ ጫፍ ላይ ቀይ የምታበራ ሌላ ጣት በቅላለች፣
ስድስት!
"ያዝኩሽ!" አልኩ። ወሰንየለሽ ተሳስታለች።
ግድግዳውን "ተከፈት" አልኩት።
አባ ኮዳዎች፣ አንገታቸውን ሰብረው፣
አረንጓዴ ለብሰው አልጋ ለአልጋ ይመላለሳሉ።
ልበር ብዬ ተነሣሁ፤
አራት እጆች መልሰው አጋደሙኝ።
(በሕልሜ ማንም አጋድሞኝ አያውቅም፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።)
"ካያሞ!" ብዬ ጠራሁ።

መጣ።
ሸሚዙ እስከ ክርኑ እርጥብ ነው።
"መጣህ?"
"መጣሁ።"
"ያን ቀን ሞገዱ ሲነሣ፣
እኔ ዳር ቆሜ ሸንኮራ ስበላ፣
ጠርተኸኝ ነበር?"
ዝም አለ። እርጥብ እጁን ግንባሬ ላይ አኖረ።
"አልጠራሁህም" አለ። "ተኛ።"

በማግስቱ ወሰንየለሽ ሁሉንም ፈታችልኝ፦
ስድስተኛዋ ጣት የኦክስጅን መለኪያዋ ቆንጣጭ ናት፤
አባ ኮዳዎቹ ነርሶች፤
ሰውየው ጴጥሮስ፣ ወለል የሚወለውለው፣
ሲነቁ የሚጣሩት ሁሉ በየስማቸው ሲጠሩት "አቤት" የሚል።
"ሕልም አልነበረም። እየነቃህ ነበር።"
"ሕልም መሆኑን አውቄ ነበር እኮ።"
"ተሳስተህ ነዋ ያወቅኸው።"
"እሺ፣ በሕልም ውስጥ ሕልም ነው ብሎ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤
በእውን ውስጥ ሕልም ነው ብሎ ማወቅስ ምን ይባላል?"
ካርዴ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ስም አልነገረችኝም።
የሁለት ሰዓቱንም ነገር አልጠየቅኋት፤
መልሱ እሷም ጋ እንደሌለ ከፊቷ አየሁ።

አሁንም ሌሊት ጣቴን እቆጥራለሁ።
ካያሞ ይመጣል፣ መረቡን ይጠግናል፤
እኔም አልጠይቀውም፣ ክሩን አቀብለዋለሁ።
ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣
ጴጥሮስ በፌስታል ቆሮሶ ሊገዛ ይመጣል።
የዚያን ቀን ነገር አንሥተን አናውቅም።
አንድ ኪሎ ይለኛል፤
መርፌው ኪሎውን ሲያልፍ
ሌላ ቦታ አያለሁ።